ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ወይስ በሁለት ዓመት ይርጋ?

(ይህ ጽሑፍ በግጭት ምክንያት ከቤት ንብረታቸው ለተፈናቀሉ ወገኖች ስለሚያስፈልገው የሕግ ድጋፍ አንድ የሕግ ባለሙያ በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር ነው። ጉዳዩ የሁላችንም በመሆኑ ሙሉ ቃሉን አውጥተነዋል። — የዝግጅት ክፍሉ)




አባቶቻችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይሉ ነበር። ሰው ከቀዬው ቢነቀል፣ ክፉ ቀን አሳዶ ቢያርቀው፣ ዘመን ቢፈራረቅ፣ አንድ ቀን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ተነሥቶ «ይህ የአባቴ ነው» ብሎ ይሟገታል፣ ይረታልም ማለታቸው ነው። የዛሬው ተፈናቃይ ግን ሺህ ዓመት የለውም። ሕጉ ለብዙው ጥያቄው የሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱን ዓመት ደግሞ በድንኳን ውስጥ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ በዘመድ ጓዳ ውስጥ እየቆጠረው ነው። መቆጠሩን እንኳ የነገረው የለም።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ነው። ለተፈናቃይ ስንዴ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ጠበቃ ያስፈልገዋል ሲባል ግን ብዙ ሰው ይገረማል። «የሚበላው ያጣ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። የዚህ ጥያቄ መልስ ቀላል ነው። ያ ሰው የሚበላው አጥቶ የተወለደ ሰው አይደለም። እርሻ ነበረው፤ በሬ ነበረው፤ ሱቅ ነበረው፤ ጎተራው ሙሉ ነበር። ነጥቀውት ነው። የተነጠቀን ሰው ዕድሜ ልኩን እየመጸወቱ ማኖር ይቻል ይሆናል፤ መብቱን ማስመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ያ ሥራ ደግሞ የእኛ የሕግ ሰዎች ሥራ ነው።

የቁጥሩ ነገር

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ልጥቀስ። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ማዕከል እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ተመዝግቧል። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከእኛ የበለጠ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቁጥሩ 5.1 ሚሊዮን ደረሰ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአንድ አገር በአንድ ዓመት ያን ያህል ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። እርግጥ አንድ ሰው ሁለቴም ሦስቴም ከተፈናቀለ በየጊዜው ይቆጠራል። ይህ ግን የሚያጽናና ነገር አይደለም። እንዲያውም የባሰውን ነው የሚነግረን፤ አንዴ የሸሸው ሰው እንደገና መሸሹን።

ደብረ ብርሃን የተጠለለው፣ ሽሬና መቀሌ ትምህርት ቤት ውስጥ ያደረው፣ ጅግጅጋ አጠገብ ቆሎጂ የሰፈረው፣ ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ተራሮች የወረደው፣ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ይለያያል። ፖለቲከኞቻችን አንዱ የሌላው ጠላት ነው ብለው ሊያሳምኗቸው ሲደክሙ ኖረዋል። ጥያቄያቸውን ቁጭ ብሎ ለሰማ ሰው ግን ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው። «ቤቴን ማን ያዘው? የሞተብኝን ሰው የት ላስመዝግብ? ልጄን በምን ወረቀት ትምህርት ቤት ላስገባ? ያቃጠለኝን ሰው ማን ይጠይቅልኛል?» እነዚህ አራቱም የሕግ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳቸውም በስንዴ አይመለሱም።

«መሸኛ አምጣ!»

ከትንሹ ነገር ልጀምር፤ ትንሹ ነገር ነውና ሰውን የሚገድለው።

ተፈናቃዩ ከተማ ገብቶ መታወቂያ ልውሰድ ሲል የቀበሌው ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ምንድን ነው? «መሸኛ አምጣ!» ነው። ከየት? ከመጣህበት ቀበሌ። ቀበሌው ተቃጥሏል። ወይም ቀበሌው አለ፣ ማኅተሙም አለ፣ ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ግን ያን ሌሊት አባራሪዎቹን መንገድ ሲመራ የነበረ ነው። ታዲያ ተሳዳጁ ከአሳዳጁ «እገሌ ጨዋ ነዋሪያችን ነበር» የሚል ደብዳቤ ተቀብሎ ይምጣ ማለት ነው? እንዴት ነው ነገሩ?

መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ምንም የለውም። ውክልና መስጠት አይችልም፤ ባንክ ያለውን ገንዘብ ማውጣት አይችልም፤ ሲም ካርድ በስሙ አይገባለትም፤ በፍተሻ ኬላ ላይ ተጠርጣሪ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የሞት ማስረጃ ከሌላት የወራሽነት ማረጋገጫ አታገኝም። ወራሽነት ካላረጋገጠች በባሏ ስም ባንክ የተቀመጠውን አታገኝም፤ በስሙ የተመዘገበውን ይዞታም መጠየቅ አትችልም። ባሏ የት እንደወደቀ የማታውቀዋ ደግሞ ሚስትም አይደለችም፣ መበለትም አይደለችም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሁሉ ለፍርድ ቤት አመልክቶ የመጥፋት ውሳኔ ማሰጠት እንደሚችል ይናገራል። ይህን መንገድ ማን ነግሯታል? የጻፈላት ማን ነው? በመጠለያው በር ላይ የቆመው ጥበቃ አይነግራት!

የአፍሪካ አገሮች ይህን ችግር አስቀድመው አይተውታል። የአፍሪካ ኅብረት ጥቅምት 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ ያጸደቀው፣ ከኅዳር 27 ቀን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የተፈናቃዮች ስምምነት በአንቀጽ 13 ላይ መንግሥታት ተፈናቃዮችን እንዲመዘግቡ፣ የጠፋባቸውን የመታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ሰነድ እንዲተኩላቸው ያዛል። ይህንንም ሲያደርጉ ከአቅም በላይ የሆነ ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጡ ይላል። ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰውም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰነዱን ለማግኘት ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመለስ ብሎ ማስገደድን ነው። የእኛኑ «መሸኛ አምጣ» ስሙን ሳይጠራ የጻፈው ይመስላል። ሴቶችም በገዛ ስማቸው ሰነድ የማግኘት እኩል መብት እንዳላቸው ያው አንቀጽ ያስቀምጣል።

ላም አለኝ በሰማይ

«ስምምነት እኮ ወረቀት ነው» የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ ካምፓላ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። የወረዳው ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ ወይም ሊኖር የሚገባው፣ የኢትዮጵያ ሕግ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ዝም አላለም። አንቀጽ 32 ዜጋ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና መኖሪያውን የመመሥረት ነፃነት አለው ይላል። አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ፍርድ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይነቀል ይጠብቀዋል። የካምፓላው ስምምነት አንቀጽ 12 ለተፈናቃዮች ፍትሐዊ ካሣ የሚከፈልበት የሕግ ማዕቀፍ ይዘርጋ ይላል፤ አንቀጽ 11 የንብረት ክርክር በቀላል ሥነ ሥርዓት የሚፈታበት መንገድ ይበጅ ይላል።

ወረቀቱ ሁሉ አለ። ጎደለ የሚባል አንቀጽ ቢኖር ጥቂት ነው። ተፈናቃዩ ግን ይህን ሁሉ ሲነግሩት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ማጽደቅና መፈጸም ለየቅል ናቸው። በማጽደቁ ቀን ቴሌቪዥኑ፣ ካሜራው፣ ጭብጨባው ነበር። የመፈጸሙ ቀን ግን በየመጠለያው አሁንም ይጠበቃል።

የሁለት ዓመቱ ሰዓት

አሁን ወደ ተነሣሁበት ወደ ይርጋው ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1149 ላይ ይዞታውን በጉልበት የተቀማ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ጥያቄው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተቀባይነት የለውም ይላል። በቁጥር 2143 ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው የካሣ ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት ይላል። ነፍሱን ለማዳን ሲል ቤቱን በአንድ በሬ ዋጋ «ሸጫለሁ» ብሎ የፈረመ ሰውም በቁጥር 1810 መሠረት ውሉን የማፍረሻ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ይርጋ የሚያስፈልገው ሰው ክርክሩን እንዳያሳድር፣ ማስረጃ እንዳይጠፋ ነው። ያሰቡት ግን ጠዋት ተበድሎ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ የሚችለውን ሰው ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣ ፍርድ ቤቱ ተዘርፎ፣ ምስክሩ በየአገሩ ተበትኖ የተቀመጠውን ሰው አላሰቡም።

ታዲያ በቃ፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ተፈናቃይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይቀመጥም! ጠበቃ ምን ያደርጋል ላላችሁኝ መልሴ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ያው ቁጥር 2143 በሁለተኛው ንዑስ ቁጥር ላይ ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና ለወንጀሉ የተወሰነው የይርጋ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ፣ ለካሣውም የሚሠራው ረዥሙ ነው ይላል። ቤት ማቃጠል ወንጀል ነው። ሰው መግደል ወንጀል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 269 እና 270 እንደየሁኔታው ሕዝብን በግድ ማፈናቀልና መበተን በዘር ማጥፋትና በጦር ወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ይርጋ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ በዛቻና በኃይል የተፈረመ ውል ሁለት ዓመቱ የሚቆጠረው ምክንያቱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ማስፈራራቱ ዛሬም ካለ ሰዓቱ ገና መቁጠር አልጀመረም ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ በቁጥር 1856 መሠረት ይርጋን ተከራካሪው ወገን ካላነሣው ዳኛው በራሱ አያነሣውም። ስለዚህ «ጊዜህ አልፏል» ብሎ በመዝገብ ቤት መስኮት የሚመልስ ሁሉ ሥልጣኑ አይደለም።

አያችሁ? በአንዱ አንቀጽ የተዘጋው በር በሌላው አንቀጽ ይከፈታል። ቁልፉ ያለው ግን ሕጉን በሚያነብ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው በመጠለያው ከሌለ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል። በዚያ ላይ በአንዳንድ ክልሎች የገጠር መሬት ሕግ መሬቱን ጦም አሳድሮ የጠፋ ባለይዞታ መብቱን የሚያጣበት ድንጋጌ አለ። ተባሮ የሄደውን «ጥሎ ሄደ» ብሎ መዝግቦ መሬቱን ለሌላ ማደል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ጠበቃው ለማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ ይኑር፣ ይጠናከር። ውጤቱን ግን እንየው። ቤት አቃጥሏል ተብሎ የተከሰሰው ሰው በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ይቆምለታል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ካሣ ልጠይቅ ቢል ግን እንዲህ ያለ ሕገ መንግሥታዊ ዋስትና የለውም። ዐቃቤ ሕጉ አለ ትሉኝ ይሆናል። ዐቃቤ ሕጉ የሚከራከረው ወንጀለኛው እንዲቀጣ ነው፤ የተፈናቃዩን መሬት ለማስመለስ አይደለም። ፍትሕ ሚኒስቴር አቅም ለሌላቸው ዜጎች፣ በተለይም ለሴቶችና ለሕፃናት፣ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሊቆምላቸው የሚችልበት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ሥልጣኑ ግን ወደ መጠለያው ድንኳን ካልወረደ ለተፈናቃዩ ያለም የሌለም አንድ ነው።

በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባል ነገር አለ። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል ክስ ይከፍታል። ይህም ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ሰውየው ደሃ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከየት ነው ማረጋገጫው? ብዙ ጊዜ ከቀበሌ! መታወቂያ የከለከለው ቀበሌ የደሃ ማረጋገጫ ይጻፍልኝ ተብሎ ይለመን ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ቁጥር 25 የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል። ንብረቱ ያለው ደግሞ ሰውየው ከተባረረበት ወረዳ ነው። «ሂድና እዚያው ክሰስ» ማለት ለእርሱ «ሂድና እዚያው ሙት» ከማለት በምን ይለያል?

እኛም ከተጠያቂነት አናመልጥም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎ ነበር። ሂሳቡን እንሥራው። መቶ ጠበቆች ይህን ቢፈጽሙ 5,000 ሰዓት ነው። ለአንድ ማመልከቻ አምስት ሰዓት ብንመድብ አንድ ሺህ ማመልከቻ ነው። አንድ ሺህ ቤተሰብ ይርጋው ሳያልፍበት ፋይል ያስከፍታል ማለት ነው። ፈቃድ ለማሳደስ ሲባል በወረቀት ላይ የሚሞላ 50 ሰዓት ሳይሆን እውነተኛው 50 ሰዓት!

ድጋፍ ሲሰጡ የነበሩትንስ ማን አዳከማቸው? እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙ ሺህ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር የሰጠ ማኅበር ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ እርሱን የመሰሉ ሁሉ አቅማቸው ተሟጠጠ። ገንዘብ ሰብስቦ ለስንዴ ማዋል ተፈቀደ፤ ያንኑ ገንዘብ ለጠበቃ ማዋል ተከለከለ። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሻር ሁላችንም ደስ አለን። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ በ2017 ዓ.ም. የእገዳ ደብዳቤ በመብት ድርጅቶች በር ላይ እንደገና ታየ። አገሪቱ ሕግ የሚያውቅ ሰው በጠፋበት ድንኳን ተሞልታ ሳለ ሕግ የሚያውቀውን ማኅበር ማገድ ለማን ይጠቅማል? የሚጠቅመው እንዲጠየቅ ለማይፈልግ ብቻ ነው።

ከሌላው ዓለም ምን እንማራለን?

ኮሎምቢያ እንደ እኛ በእርስ በርስ ጦርነት ሚሊዮኖች የተፈናቀሉባት አገር ናት። ተፈናቃዮቹ ተራ ማመልከቻ እየጻፉ መሠረታዊ መብታችን ተጣሰ ብለው በየፍርድ ቤቱ አቤት አሉ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የ1,150 ቤተሰቦችን ጉዳይ የያዙ 108 አቤቱታዎችን አጣምሮ ቲ-025 በሚባለው ውሳኔ መንግሥት ተፈናቃዮቹን የያዘበት አያያዝ ራሱ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው አለ። በዚያ ብቻ አላበቃም። አፈጻጸሙን እየጠራ ሲጠይቅ፣ ሪፖርት አምጡ እያለ ሲከታተል ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2011 መሬት ለተነጠቁ የማስመለሻ ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ ተፈናቃዩ ባለመሬት እንደነበረና እንደተፈናቀለ ካሳየ በኋላ፣ የማስረዳቱ ሸክም ወደ ሌላኛው ወገን ይዞራል። የተፈናቃዩ ደብተር ተቃጥሏላ! ችግሩ ሁሉ ተፈታ አልልም፤ መሬት ለማስመለስ ሲሟገቱ የተገደሉ አሉ። ነገር ግን የተጀመረው በማመልከቻ ነው። ያንን ልብ በሉልኝ።

ከራሳችን ቤትም ምሳሌ አለ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 የመጨረሻ ውሳኔውን ሲሰጥ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ 161 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደ። ገንዘቡ ለመንግሥታቱ የተፈረደ ነው። በየግላቸው ጉዳያቸው ተዘጋጅቶ ለቀረበላቸው ጥቂት ግለሰቦች ግን ለብቻው 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወስኗል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፋይል የተከፈተለት ሰው በስሙ ተጠራ፤ ያልተከፈተለት የጅምላ ቁጥር ሆኖ ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። እውነት ይጣራል፣ ጥፋተኛ ይጠየቃል፣ ተበዳይ ይካሣል ተባለ። እሺ ይሁን። የተበዳዩ ፋይል የት አለ? ማን ምን እንደጠፋበት፣ ስንት ጥማድ መሬት፣ ስንት ከብት፣ ማን እንደሞተበት፣ ማን ሲያደርገው እንዳየ፣ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ በምን ይታወቃል? የሰው ትዝታ ይደበዝዛል፤ ሽማግሌው ምስክር ይሞታል። የሽግግር ፍትሕ ያለ ተፈናቃዩ ፋይል ሙሽራዋ የሌለችበት ሠርግ ነው።

«ተመለሱ» ሲባል

ሌላም የሕግ ሰው የሚያስፈልግበት ቀን አለ። ያውም አውቶቡሱ መጠለያው በር ላይ የቆመ ዕለት ነው። «ሰላም ሆኗል፣ ወደ ቀያችሁ ተመለሱ» ይባላል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነትም የተፈናቃዮችን መመለስ ጸጥታው ሲፈቅድ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የጌዴኦና የጉጂ ተፈናቃዮች እንዲመለሱ ሲደረግ እርዳታ እየተቋረጠባቸው የተገፉ ሰዎች መኖራቸው በጊዜው በሰፊው ተዘግቦ ነበር። የካምፓላው ስምምነት አንቀጽ 11 ምርጫው የተፈናቃዩ ነው ይላል። ሦስት መንገድ አለው፤ መመለስ፣ ባለበት መቆየት፣ ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። ስንዴ ከልክሎ «በፈቃዱ ተመለሰ» ማለት የፈቃድን ትርጉም መስረቅ ነው። መመለስ የፈለገውም ቢሆን ባዶ እጁን አይመለስ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ፣ ያባረረው ሰው የቀበሌ ሹም ሆኖ፣ ወደዚያ መላክ ለሁለተኛ መፈናቀል መዘጋጀት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ተናግሮ መሄድ ቀላል ነውና የሚደረገውንም ልናገር።

አንደኛ፣ በየመጠለያው ከእህል ማከፋፈያው ጎን አንድ የሕግ ጠረጴዛ ይቀመጥ። አንድ ወንበር፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ቋንቋውን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ። ሴቶች ስለደረሰባቸው ጥቃት የሚናገሩላት ሴት ባለሙያም ለብቻ ትኑር። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ተማሪዎቹን በመምህር እየመሩ ይላኩ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ነውና እዚያው መጠለያ ውስጥ ያሉትን መምህራንና የተማሩ ወጣቶች አሠልጥኖ ጸሐፊ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ «መሸኛ አምጣ» ለተፈናቃይ ይቅር። በመሐላና በሦስት ምስክር፣ በዕድር ዳኛና በሃይማኖት አባት ቃል ማንነቱ ይረጋገጥ። ይህን በአንድ መመሪያ መወሰን ይቻላል። ብር አይጠይቅም፤ ቅን ልቡና ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በግጭት ለተፈናቀሉ ሰዎች ይርጋው ሳይቆጠር የቆየ ነው የሚል አዋጅ ያውጣ። ሰው ፍርድ ቤት መድረስ ባልቻለበት ዘመን ሰዓት አይቁጠርበት።

አራተኛ፣ ተዘዋዋሪ ችሎት ወደ መጠለያ ይሂድ። ተፈናቃዩ ወደ ተባረረበት ወረዳ ሳይሄድ ቃሉ ይሰማ፣ ምስክሩ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የእኛው ድርሻ። 50 ሰዓቱን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንሥራው። መንግሥት እስኪፈቅድ፣ ለጋሽ እስኪገኝ አንጠብቅ። የተፈናቃይ ቃል ለመጻፍ ብዕርና ወረቀት ይበቃል።

ለተፈናቃዮቹም፣ ይህን ንግግር ለሚሰሙም ሆነ በጋዜጣ ለሚያነቡ፣ አንድ ምክር አለኝ። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ጠብቁ፤ የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ደብተር፣ የቆየ መታወቂያ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ሳይቀር። የስልክ ፎቶ አንሡትና ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ። የጠፋውን ንብረት ከነዋሰኑ፣ በምሥራቅ እገሌ በምዕራብ እገሌ እያላችሁ ጻፉ፤ ቀን ጻፉበት፤ ያዩ ጎረቤቶች ይፈርሙበት። ማመልከቻ ስታስገቡ ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። «አንቀበልም» ካሏችሁም እምቢ ያለው ማን እንደሆነና ቀኑን መዝግቡ። ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ። አቤቱታችሁ ዛሬ ባይሰማ እንኳ መዝገብ ሆኖ ይቆያል።

ወገኖቼ፣ በአገራችን የተበደለ ሰው በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ ጉልበተኛው ይቆም ነበር፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ፖሊስ አልነበረም፤ ጠመንጃም አልተደገነበትም። ያቆመው ሕግ አለ የሚለው እምነት ብቻ ነው። ዛሬ በየመጠለያው «በሕግ አምላክ» የሚል ሚሊዮን ሕዝብ አለ። ሕጉ አለ፤ አንቀጹን አንብቤላችኋለሁ። የጠፋው ቁጭ ብሎ የሚሰማው ነው። እንግዲህ አላፊ አግዳሚዎቹ እኛ ነን፤ እንቀመጥ።